ሁለቱ የሌሊት መነጽሮችና ግሩትማን

ኡም ጋቪ ቴኒሰንን እወዳቸዋለሁ፤ ኡም እኛ ጋ አጎት ወይም ሽማግሌ የሚጠራበት ነው። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ከዚህ በታች የምለውን የሰማ ሰው ሌላ ነገር እንዳይመስለው ነው። አባቴ ሲሞት እርሻውን ልሸጥ ስል የተቆጡኝ እሳቸው ናቸው። ጠመንጃ አያያዝ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። በዚያ በጎች በሚወልዱበት ሰሞን ግን አንገታቸውን አንቄ ብይዛቸው ደስ ይለኝ ነበር።

የተጣላነው በመነጽር ነው። ቀበሮ ግልገሎቻችንን እየጨረሰብን ነበር። የአራት እርሻ ጎረቤታሞች ማኅበር አለን፤ ማኅበሩም ጠመንጃ ላይ የሚገጠም የሌሊት መነጽር ሊገዛ ወሰነ። አንድ ብቻ፣ በየተራ የሚዞር። እስከዚያ ድረስ የምናድነው እንደ አያቶቻችን ነበር፤ ከመኪና ላይ መብራት እያበራን፣ ጨለማው ውስጥ የሚያብለጨልጭ ዓይን እየፈለግን። ካሩ የሚባለው የደረቁ አገራችን ቀበሮ ግን መብራቱን ለምዶታል። መብራት ሲያይ ዓይኑን ጨፍኖ ይተኛል ብዬ ብምል እዚህ አገር የሚስቅብኝ የለም።

ኡም ጋቪ የፈለጉት ሙቀት የሚያየውን መነጽር ነው። ይሄኛው ብርሃን የሚባል ነገር አያስፈልገውም። ትኩስ ነገር ሁሉ ነጭ፣ ቀዝቃዛው ሁሉ ጥቁር ሆኖ ይታይበታል፤ ደም ያለው ፍጡር ከሩቅ እንደ ሻማ ይበራል። መልክ ግን የለውም፤ እኔ የሙታን ማያ እለው ነበር። እኔ የፈለግኩት ሌላኛውን ነው። እሱ የሰው ዓይን የማያየው መብራት አለው፤ በዚያ መብራት አካባቢውን አብርቶ ጥርት ያለ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ያሳያል። ሩቅ አይሄድም፤ ያገኘውን ግን ጢሙ ሳይቀር ያስቆጥራል።

የእኔ ጭንቀት ደግሞ ጢሙ ላይ ነበር። ግሩትማን የሚባል በግ ጠባቂ ውሻ አለኝ። ዘሩ ከቱርክ ነው፤ ጥጃ የሚያህል፣ አመድማ፣ አንድ ጆሮው የተቀደደ። ከቡችላነቱ ጀምሮ ያደገው በጎች መሀል ስለሆነ ራሱን በግ ነኝ ብሎ የሚያስብ ይመስለኛል። ቤት አያውቅም፣ ምንጣፍ አያውቅም፤ ቀን ከሌት ሥራው ላይ ነው። በሙቀት መነጽር ሲታይ ግን ነጭ ሆድ፣ አራት ነጭ እግርና ጅራት ነው። መነጽሩ ርቀት ስለማይለይ ሩቅ ያለ ትልቅ ውሻና ቅርብ ያለ ትንሽ ቀበሮ እኩል ይሆኑበታል። ኡም ጋቪ ደግሞ ቀበሮ ያዩ ሲመስላቸው ጣታቸው ከአንጎላቸው ይቀድማል።

ይህን በስብሰባው ላይ ፊት ለፊት ነገርኳቸው። ስብሰባው የማኅበሩ ሰብሳቢ የስቴፋንስ ቤት ነበር። ስቴፋንስ ወፍራም፣ ጠብ የማይወድ፣ ከኪሱ ቋንጣ የማይጠፋ ሰው ነው።

«የእርስዎ መነጽር ከተገዛ ግሩትማን ሳምንት አይቆይም» አልኩ።

«ውሻሽ አጥሩን ካላለፈ ማን ይነካዋል?» አሉ ኡም ጋቪ።

«አያልፍም።»

«ታዲያ ምን ያስፈራሻል?»

«ጣትዎ።»

ስቴፋንስን ሻዩ ትን አለው። ኡም ጋቪም እንደ መሳቅ አሉ፤ ቀጥለው ግን ጣታቸውን ወደኔ ቀሰሩ። «የኔን ጣት ተዪው። እኔ በግ የሚጠብቅ ውሻ ማመን አልተማርኩም። ውሻ ውሻ ነው፤ አንድ ቀን ደም ይቀምሳል። ያን ዕለት ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

አውቀዋለሁ። በእኛ አገር በግ የቀመሰ ውሻ አያድርም። የሚገድለውም ባለቤቱ ራሱ ነው፤ እዚያው በቦታው፣ ሌላ ሰው ሳይልክ። አባቴ አንድ ጊዜ አድርጎታል፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን እህል አልቀመሰም፣ የውሻውንም ስም ዳግመኛ ሲጠራ አልሰማሁትም።

«በቃችሁ» አለ ስቴፋንስ። «ሻጩ ሁለቱንም ያምጣ። አንድ ምሽት ወጥተን እንሞክራቸዋለን፤ ከዚያ እንወስናለን። ቦታው የኡም ጋቪ የወንዙ ዳር ግጦሽ ይሁን።»

የወንዙ ዳር ግጦሽ ከእኔ ጋር በአንድ አጥር የሚዋሰነው ነው። ከአጥሩ ወዲህ ግሩትማን አለ። ኡም ጋቪ እንዳስረው ጠየቁኝ፤ እኔ ደግሞ የሚሠራ ውሻ አላስርም አልኩ። ሽንጤን ገትሬ ተከራከርኩና አሸነፍኩ።

ሻጩ ኤቫርት ይባላል። ከከተማ የመጣ፣ ጫማው አዲስ፣ ሽቶው ከሩቅ የሚጠራ ጎልማሳ ነው። ከመኪናው ሳይወርድ «ታኒ ድሪኒ፣ ዛሬ ታሪክ ይሠራሉ» አለኝ። ታኒ የሚባሉት አክስቶችና አሮጊቶች ናቸው።

«ከእኔና ከአንተ ማን እንደሚበልጥ መታወቂያ እናውጣ እንዴ?» አልኩት። ከዚያ ወዲያ እመቤት እያለ ሲጠራኝ አመሸ፤ ያም አልተመቸኝም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ የሙቀቱን መነጽር በኡም ጋቪ ጠመንጃ፣ የብርሃኑን በእኔ ጠመንጃ ላይ ገጠመና ካርቶን ላይ አስተኮሰን። ሁለታችንም መሀሉን መታን። ኡም ጋቪ ካርቶኔን አይተው «ማን አስተምሯት» አሉ፤ ደስ አለኝ፣ ግን አላሳየኋቸውም። ከዚያ ስቴፋንስ መሪውን ያዘ። እኛ ከፒክአፑ ኋላ የበግ ቆዳ በለበሰው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ኤቫርት የቆሰለች ጥንቸል ጩኸት የሚያሰማውን ድምፅ ማጉያ ታቅፎ መሀላችን ቆመ።

ጀምበር እንደጠለቀች ኡም ጋቪ መነጽሩን ዓይናቸው ላይ ለጠፉት።

«ኧረ አምላኬ» አሉ ቀስ ብለው። «ሞልቷል።»

«ምኑ?»

«ቀበሮው ነዋ! ኮረብታው ላይ ተሰልፏል። አንዱ ተቀምጧል፣ ሁለቱ ተኝተዋል። ይኸው ቤተሰቡን ሁሉ ይዞ መጥቷል።»

የኔም ልብ ዘለለች፤ ምን እዋሻለሁ። መነጽሬን ወደ ኮረብታው አዞርኩ፤ የእኔ ግን እዚያ ድረስ አይደርስም። «ይተኩሱ እንጂ!» አልኩ እኔው ራሴ። ተኮሱ። ከኮረብታው ላይ የእሳት ብልጭታ ዘለለ፤ ጥይቱም እያፏጨ ወደ ሰማይ ነጎደ።

ቀበሮው ከተቀመጠበት አልተነሳም።

«ደፋር ቀበሮ ነው» አለ ስቴፋንስ በመስኮቱ በኩል።

ያ ኮረብታ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነው። ቀኑ ደግሞ የሚያቃጥል ቀን ነበር፤ ድንጋዩ የጠጣውን ፀሐይ ገና አልተፋም። «ድንጋዩ እስኪበርድ ትንሽ ቢታገሡ...» ብሎ ኤቫርት ማብራራት ጀመረ፤ ላቡ በሽቶው ላይ ይወርድ ነበር። እኔ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። «ኡም ጋቪ፣ ቆዳውን ለማን ሊሰጡት አስበዋል?» አልኳቸው። ባርኔጣቸውን ወደ ግንባራቸው ሳቡ።

ቀጥሎ ተራው የኔ ሆነ። ኤቫርት ጥንቸሏን አስጮኸ፤ ወዲያው ከቁጥቋጦው ሥር ሁለት ዓይኖች ብልጭ አሉ።

«ቀበሮ ናት፣ ተኩሺባት!» አሉ ኡም ጋቪ፤ በእሳቸው መነጽር የሚታየው ነጭ ነገር ብቻ ነው።

እኔ ግን ማየቴን ቀጠልኩ። ፊቷ ትንሽ ናት፤ ጆሮዋ ግን ከፊቷ ይበልጣል። ወደ መሬት አዘንብላ ምስጥ ስትሰማ፣ ከዚያ አፍንጫዋን ስትልስ ሁሉ አየኋት። ጆሮ ሰፊ የምንላት ሌላዋ የቀበሮ ዘር ናት፤ በግ የማትነካ፣ ምስጥ እየበላች ሣራችንን የምታተርፍልን። ጠመንጃዬን ለኡም ጋቪ አቀበልኳቸው። ረዘም አድርገው አዩ።

«ጢሟ ይታያል» አሉ በመጨረሻ፣ ጥርሱ እንደሚነቀል ሰው።

«የት አባቱ!» አልኩ እኔ። ያን ጊዜ መነጽሩ የተገዛ ያህል ነበር። ግሩትማን በሕይወት ይኖራል፣ ኡም ጋቪም ከመተኮሳቸው በፊት ፊት ያያሉ፣ በቃ። ከደስታዬ ብዛት ለኤቫርት ቋንጣ ሰጠሁት።

ከዚያ ከደቡብ ንፋስ ተነሳ። የካሩ ንፋስ ሲመጣ አያስጠነቅቅም፤ አሁን ሸሚዝ ለብሰህ ትቆያለህ፣ ወዲያው ጥርስህ ይንገጫገጫል። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ጠፉ። «እስቲ አሁን ይዩ፣ እመቤት» ብሎ ኤቫርት የኡም ጋቪን ጠመንጃ ወደኔ ገፋው። እምቢ ልል ነበር። አየሁ።

ሃያ ዓመት ያረስኩትን አገር አላውቀውም ነበር። ባዶ ነው ያልኩት ሜዳ ሁሉ ነፍስ አለው! እዚያ ጋ ጥንቸሎች ተቀምጠዋል፤ ከአጥሩ ምሰሶ አናት ላይ ጉጉት እንደ አምፖል በርታለች። ወዲያ ማዶ፣ ቁጥቋጦው መሀል፣ የኡም ጋቪ በጎች ትንፋሻቸው ሳይቀር ይታያል፤ ሲያመነዥኩ አገጫቸው ይንቀሳቀሳል። ምስጥ ቆፍሮ የሚበላው አዋልዲጌሳ አንድ ቦታ ላይ አፈር እየዛቀ ነው፤ ጀርባው ብቻ ከጉድጓዱ ወጣ ገባ ይላል። እንደ ሕፃን ጮህኩ። «ይኸው አንዲት ድኩላ! እዩአት፣ ኧረ ምን ዓይነት ነገር ነው!» እያልኩ ጠመንጃውን አልመልስም አልኩ።

«የሙታን ማያ ነው አላልሽም ነበር?» አሉ ኡም ጋቪ።

«ነው። ግን ሙታኑ ደስ ይላሉ።»

ተሳሳቅን። ከሰሞኑ ጠብ ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነበር። ስቴፋንስ ሞተሩን አስነስቶ በወንዙ ዳር በኩል ቀስ እያለ ነዳ፤ ውሃ የሌለው፣ አሸዋ ብቻ የሆነ ወንዝ ነው። ኡም ጋቪ ጠመንጃቸውን መልሰው ይዘዋል። በድንገት የመኪናውን ጣራ በመዳፋቸው መቱ። ቁም ማለታቸው ነው።

«አለ» አሉ። «ከአጥሩ በዚህ በኩል፣ ቁጥቋጦው ሥር። ይሄ ድንጋይ አይደለም፤ አንገቱን ያንቀሳቅሳል።»

የጠመንጃቸው መቆለፊያ ሲፈታ ሰማሁ። «ይቆዩ» አልኩ።

«የሚበላው ነገር አለ፣ ድሪኒ። ግልገል ላይ ነው!»

«ኡም ጋቪ ይቆዩ!» ብዬ እጄን መነጽሩ ፊት ደቀንኩ።

«ወይኔ፣ ይቺ ልጅ! እጅሽ እኮ ጨረቃ አህሎ መጣብኝ!» ብለው ወደ ኋላ አሉ። እኔ ግን የራሴን ጠመንጃ አንስቼ በቁጥቋጦው አነጣጥሬ ነበር። መጀመሪያ የቆዳ አንገትጌ አየሁ። ከዚያ የተቀደደ ጆሮ።

«ግሩትማን ነው!» አልኩ እየጮህኩ። «ነገርኳችሁ! አልነገርኳችሁም? ልትገድሉት ነበር! ፊት ማየት ማለት ይሄ ነው፣ እዩ፣ ኑና ራሳችሁ እዩ!» አፌ አላረፈም። ኤቫርት አጨበጨበ። ስቴፋንስ ከመሪው ወርዶ ትከሻዬን መታኝ።

ግሩትማን አንገቱን ቀና አደረገ።

አፉ ጥቁር ነበር። ከአገጩ እስከ ደረቱ በእርጥብ ነገር ተለውሷል። እግሩ ሥር ትንሽ ግልገል ተዘርግቷል፤ ጎንበስ ብሎ በአፉ ሲስበው እግሩ ተንጠልጥሎ ወደቀ። እንደገና ጎንበስ አለ። ከጀርባው ደረቅ ቁጥቋጦ፣ ከቁጥቋጦው በስተጀርባ ምንም። ሥዕሉ ጥርት ያለ ነው። እኔ የወደድኩት ዓይነት ጥርት ያለ።

«ምን ሆንሽ?» አለ ስቴፋንስ። «ለምን ዝም አልሽ?»

ጠመንጃውን ለኡም ጋቪ ሰጠሁ። አሁን ይስቃሉ፣ አሁን አላልኩሽም ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። ብዙ አዩ። ጠመንጃውን አወረዱ፤ መነጽሩን በክርናቸው ጠረጉ፤ እንደገና አዩ።

«ብዥ ይላል ይሄ ዕቃ» አሉ። «ምንም አይታየኝም።»

ኡም ጋቪ ውሸት የማያውቁ ሰው ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ስለ ዝናብ ልክና ስለ በግ ዋጋ ሲዋሹ ብዙ ሰምቻለሁ። ስለ ቀበሮና ስለ ውሻ ግን አንድም ቀን ዋሽተው አያውቁም። የእሳቸው ግልገል ነበር።

«ብዥ አይልም» አልኩ። «አይተውታል።»

«ድሪኒ፣ ልጄ...»

«አይተውታል፣ ኡም ጋቪ።»

ጠመንጃዬን መልሼ ወሰድኩ። አነጣጠርኩ፤ ዓይኔ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ጠረግኩትና እንደገና አነጣጠርኩ። ሥዕሉ ብልጭ ብልጭ አለና ድርግም አለ። ኤቫርት እየተንተባተበ መጣ። መብራቱ ባትሪ ይበላል፣ ብርድ ደግሞ አይወድም፣ ትርፉን ባትሪ ከተማ ረስቶታል።

«እግዜር አልወደደውም፣ በቃ» አሉ ኡም ጋቪ። «ምልክት ነው። ወደ ቤት እንሂድ።»

«የእርስዎን ይስጡኝ።»

«እሺ እኔ ላድርግልሽ። ማንም ሰው የገዛ ውሻውን...»

«የኔ ውሻ ነው። ሕጉ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ይስጡኝ።»

ሰጡኝ። እጃቸው ለመልቀቅ ትንሽ ዘገየ። አፈሙዙን በመኪናው ጠርዝ ላይ አስደገፍኩ፤ ፊት የሌለውን መነጽር ወደ ዓይኔ አስጠጋሁ። ደግነቱ ፊት የለውም፤ ያን ጊዜ ያመሰገንኩት ለዚያ ብቻ ነው። ነጭ ውሻ አየሁ። ጣቴን ወደ ምላጩ ወሰድኩ። ግልገሉም ነጭ ነበር፤ ከውሻው ይልቅ ነጭ።

የሞተ ነገር እንዲህ አይበራም።

ጣቴን አወጣሁ። ግልገሉ እግሩን ረገጠ። ግሩትማን ከጅራቱ ጀምሮ ወደ ራሱ በረጅሙ ላሰው፤ እንደገና ከጅራቱ ጀምሮ። እናት በግ ናት እንዲህ የምትልስ። ከዚያ ከበስተጀርባው ያለውን ቁጥቋጦ አየሁ። በኔ መነጽር ደረቅ ጭራሮ ብቻ የነበረው ቦታ፣ ከጭራሮው ክፍተት ሁሉ ሙቀት ይፈስ ነበር። አንድ ትልቅ የተኛ ሆድ ይነፋል፣ ይጎድላል፣ ይነፋል።

«እየወለደች ነው» አልኩ።

«ማን? ውሻው?» አለ ስቴፋንስ።

«በጊቱ! የኡም ጋቪ በግ! ከቁጥቋጦው ጀርባ ተኝታ እያማጠች ነው። አንዱን ወልዳለች፤ ሁለተኛው እየመጣ ነው። ደሙ የምጥ ደም ነው፣ ኡም ጋቪ! እየላሰላት ነው!» የምለውን አላውቅም፤ እየሳቅኩ ነው፣ እያለቀስኩ ነው።

ኡም ጋቪ ክርኔን ጭምቅ አድርገው ያዙ። ሊናገሩ ሲሉ ግሩትማን ብድግ አለ። ፀጉሩ ቆሞ ሁለት እጥፍ ሆነ። ወደ ወንዙ አየ፤ እኔም መነጽሩን ወደዚያው አዞርኩ።

ከአሸዋው ውስጥ ትንሽ ነጭ ነገር ወጣች። አፍንጫዋ መሬት ላይ፣ እግሯ ቀጭን፣ ጅራቷ ወደ ታች። ሮጥ ትላለች፣ ትቆማለች፣ ሮጥ ትላለች።

«የእርስዎ ውሻ የት ነው?» አልኩ።

«ቤት፣ የሚስቴ የሳኒ አልጋ ላይ። አሁን ይሄ ምን ይባላል?»

«እንግዲያው ቀበሮ ናት።»

ቀበሮዋ ፊት ለፊቱ መጥታ ዘለለች፣ ሸሸች፣ ደግሞ መጣች፤ ና አባረኝ የምትል ትመስል ነበር። ግሩትማን ጮኸባት እንጂ ከግልገሉ አልተነቃነቀም። ያኔ ገባኝ። ቀበሮ እንዲህ የሚጫወተው ጓደኛ ሲኖረው ነው። መነጽሩን በቀስታ ወደ ቀኝ ገፋሁ፤ ባሏ ከበጊቱ ጀርባ በሆዱ እየተሳበ ነበር። ጭንቅላቱና ጆሮው ብቻ ይታያሉ። ግሩትማን አላየውም።

«ሁለት ናቸው» አልኩ። «አንዱ ከኋላ እየመጣ ነው። በጊቱ መንገድ ላይ ናት።»

ኡም ጋቪ ጆሮዬ ሥር ጎንበስ አሉ። ድምፃቸው የድሮው ነበር፤ አጥር ላይ ጣሳ ደርድረው ሲያስተኩሱኝ የነበረው። «አትቸኩዪ። ከሷ ይውጣ። ይወጣልሻል። ትንፋሽሽን ግማሹን አስቀሪ።»

ተሳበ። ቆመ። በጊቱ ስታምጥ ጭንቅላቷን አነሳች፤ ዳግመኛ ጣለችው። ቀበሮው ሁለተኛውን ግልገል ሸቶት ነበር መሰል ከቁጥቋጦው ዳር ወጥቶ ብድግ አለ። አሁን በሱና በሜዳው መሀል ማንም የለም። ሳብኩት።

ዱብ የሚል ድምፅ መጣ። አዳኝ የሚጠብቀው ያን ድምፅ ነው፤ ድንጋይ ያን ድምፅ አያሰማም። ነጩ ነገር እዚያው ተኛ። ሚስቱ በወንዙ አሸዋ ላይ እንደ ጥይት ተወረወረች፤ ግሩትማንም እስከ አሸዋው ጫፍ አሯሩጧት ተመለሰ። ስቴፋንስ ያን የሚያህል ገላውን ይዞ ዘለለ። ኤቫርት ድምፅ ማጉያውን አቅፎ ሳመው። ኡም ጋቪ በባርኔጣቸው ጀርባዬን እየመቱ «ማን አስተምሯት! ማን አስተምሯት!» ይላሉ፤ እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጫለሁ።

መኪናውን አስጠግተን በእጅ ባትሪ አየን። አጥሩ ሥር አዋልዲጌሳ የቆፈረው ትኩስ ጉድጓድ አለ፤ ግሩትማን ያለፈው በዚያ ነው። በጊቱ ሁለተኛውን ወልዳ ልትነሳ ትታገላለች። ኡም ጋቪ ሊያግዟት ተንበረከኩ፤ ግሩትማን ጥርሱን አሳያቸው።

«በጌ እኮ ናት!» አሉት። «አንተ! የኔ በግ ናት!»

እሱ ምን ቸገረው፤ አጉረመረመ። ኡም ጋቪ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ ባርኔጣቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። እንዲያ ቆመው ያየኋቸው አባቴ መቃብር ላይ ብቻ ነው።

ኤቫርት ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ... የትኛውን እንደምትገዙ ብትነግሩኝ...»

«የሷን» አሉ ኡም ጋቪ።

«የእሳቸውን» አልኩ እኔ፣ እኩል።

ስቴፋንስ ቋንጣውን ከአፉ አወጣ። «ምን ነካችሁ? ወር ሙሉ ስታደክሙኝ ከርማችሁ!»

«በኔው መነጽር ብቻ ቢሆን» አሉ ኡም ጋቪ፣ ዓይናቸውን ከውሻው ላይ ሳያነሱ፣ «ገና ሳየው ተኩሼው ነበር።»

«በኔው ቢሆን ደግሞ» አልኩ፣ «እኔ ተኩሼው ነበር።»

ከዚያ በኋላ ማንም ስለ መነጽር አላነሳም። ግሩትማን አጠገብ ሄጄ መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ስሙን ልጠራው ፈልጌ ነበር፤ አፌ አልታዘዝ አለኝ። እጄን ዘረጋሁለት። ባሩድ ይሸታል። አሸተተው፤ በዚያው በደም በተለወሰ ምላሱ አንዴ ላሰልኝና ወደ ግልገሎቹ ተመለሰ። ምንም አላወቀም። ያስለቀሰኝ እሱ ነው።